የበረኛው አባት ጸሎት

የረጠበ የበረኛ ጓንት ከሰል ምድጃ ዳር ሲደርቅ የሚወጣውን ሽታ የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ላብ፣ ጎማና ሳሙና አንድ ላይ ተቀላቅለው ቤቱን ይሞሉታል፤ መስኮት ቢከፈትም አይወጣም። በቀደም በነቀምቴው ባኬ ጃማ ሰፈር ሳልፍ ከአንድ ግቢ ይኸው ሽታ መጥቶ ሲቀበለኝ፣ አፍንጫዬን መያዝ ሲገባኝ ቆሜ ሳቅሁ፤ ወንድሜ ገመቹ በሚማርበት ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን በረኛ የነበረበት ዓመት እንዳለ ተመልሶ መጣብኝ።

ያኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባባ ምስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡ ነጋዴ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበሩ፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቁት በጸሎታቸው ርዝመት ነበር። የእሁዱን አምልኮ በጸሎት የሚዘጉት እሳቸው ስለነበሩ፣ በር ላይ ሰው ለመጫን የሚጠብቁት ባለ ባጃጆች የአባባን ድምፅ ሲሰሙ ሞተራቸውን አጥፍተው ሻይ ሊጠጡ ይሄዱ ነበር። እቤትም ያው ነው፤ ከእራት በፊት ከነቀምቴ ተነሥተው፣ በሽተኛውንም መንገደኛውንም አዳርሰው፣ ዓለምን ዞረው እስኪመለሱ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እኔም አንድ ዓይኔን ገልጬ እሱኑ እጠብቅ ነበር።

ኳስ ግን አይጥማቸውም ነበር። ገመቹ በረኛ ሆኖ መመረጡን የሰሙ ዕለት፣ መቆም ከሆነማ ሱቅ ውስጥም መቆም ይቻላል ብለው አሾፉበት። ገመቹ ግን የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባባ አንድ ቀን መጥተው ሲጫወት እንዲያዩት። ይህንን ለእማዬ ነግሯት፣ እማዬም ለእኔ ነግራኝ፣ ያልሰሙት አባባ ብቻ ነበሩ። ጨዋታው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው፤ እሳቸውም ሱቄን ለማን ጥዬ እያሉ ይቀሩ ነበር።

የወለጋ ከተሞች ኮሌጆች ውድድር የተጀመረው ክረምቱ አልፎ ሜዳው ጠንከር ሲል፣ በጥቅምት ነው። የእኛዎቹ ጊምቢ ሄደው አሸንፈው የተመለሱ ማታ፣ አባባ በእራት ጸሎታቸው መሃል፣ ልጆቹን ከጊምቢ መንገድ በሰላም ስለመለስክ ብለው አመሰገኑ። እማዬ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። በጋው ገብቶ ገመቹ ጉልበቱ በጠጠር ተልጦ መምጣት ሲጀምር፣ ስለ ጉልበት የሚጸለይ ተጨመረ። የካቲት ላይ ደግሞ፣ ከሻምቡ ቡድን ጋር በሚጫወቱበት ዋዜማ፣ «ያንን ግራ እግረኛ ልጅ አንተው ራስህ ያዘው» ሲሉ ገመቹ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ስለ ሻምቡው ግራ እግረኛ አጥቂ እቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። ለካስ አባባ ምስማር ሊገዛ የሚመጣውን ሁሉ ስለ ውድድሩ ይጠይቁ ኖሯል። ቡድኑ ባሸነፈ ቁጥር ጸሎቱ እየረዘመ ሄዶ፣ ግንቦት ላይ እማዬ ወጡን ከጸሎት በኋላ እንደገና ማሞቅ ጀመረች።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ተመለሰ፣ ጓንቱም ከምድጃው ዳር አልለይ አለ። ለዋንጫው ከደምቢ ዶሎ ቡድን ጋር ሊጋጠሙ በተቀጠረበት ቅዳሜ፣ ሜዳው በውኃ ተሞልቶ ጨዋታው ወደ እሁድ ተዛወረ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ እንግዶቹም ሩቅ መንገድ ስላለባቸው፣ ስድስት ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። አምልኮው የሚያልቀው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነበር፤ እሱም አባባ ካልጸለዩ።

ገመቹ በዚያ ማታ አባባ ፊት ቆሞ፣ «አባ፣ ካልፈቀዱልኝ አልሄድም» አላቸው።

አባባ «ከመዝጊያው ጸሎት በፊት ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ልጅ የለኝም» ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ። ይህ መፍቀድ ይሁን መከልከል ለማናችንም አልገባንም።

በማግስቱ ገመቹ ከመዘምራኑ ጋር ቆሞ ሲዘምር፣ ከነጩ የዝማሬ ልብስ ሥር የተጫማው ታኬታ ጫማ በእርምጃው ሁሉ ሲሚንቶው ላይ ይንቋቋ ነበር። ጉባኤው በሙሉ ያውቃል፤ ሁሉም አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ አባባን ያያል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥብቄ ጸልዬ አላውቅም፤ የጸለይኩትም የአባባ ጸሎት እንዲያጥር ነበር።

አባባ ወደ ፊት ወጡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጌታ ሆይ፣ ስለምነህ ከርሜአለሁ። የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ። አሜን።»

ሕዝቡ ገና መጀመራቸው መስሎት ዓይኑን እንደጨፈነ ቀረ። መጀመሪያ አሜን ያለችው እማዬ ናት፤ ገመቹማ ልብሱን አውልቆ ለአጠገቡ ልጅ ጥሎ፣ በጓደኛው ሞተር ተፈናጥጦ ጠፍቶ ነበር። ባለ ባጃጆቹ ደግሞ ሻይ ላይ ስለነበሩ እየተጠሩ መጡ።

እኔና እማዬ በአንዱ ባጃጅ ስንገባ፣ አባባ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ጠጋ በይ ብለውኝ አጠገቤ ተቀመጡ። ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቃቸው የለም። ሜዳው ስንደርስም ተመልካች የት እንደሚቆም ስለማያውቁ፣ በቀጥታ ሄደው ከገመቹ ጎል ጀርባ ጭቃው ላይ ቆሙ። ገመቹ ፊቱ ወደ ጨዋታው ስለነበር አላያቸውም፤ ከእረፍት በኋላ ጎል ሲቀያየሩም አባባ በሰው መሃል ዞረው እንደገና ከጀርባው ቆሙ።

የእኛዎቹ በጊዜ አንድ ጎል አግብተው፣ ተከላካዮቹ አላሳልፍ ስላሉ ኳስ ወደ ገመቹ እምብዛም አልመጣም። ሊያልቅ ሲል ግን አንድ የደምቢ ዶሎ ልጅ ሾልኮ ብቻውን መጣ። ገመቹ ወጥቶ እግሩ ላይ ተወረወረ፣ ኳሷን እንዳቀፈም በልጁ ግፊት በጭቃው ላይ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ እስከ ጎሉ አፍ መጣ። ከጀርባው ቀስ ያለ ድምፅ፣ «ጀባዱ፣ ኢልማ ኮ» አለ፤ በርታ ልጄ ማለት ነው። ገመቹ እንደተኛ አንገቱን አዞረ፣ አባባን አየ፣ ኳሷን እንዳቀፈ ቀረ። ዳኛው መጥቶ ተነሥ ቢለውም ለመነሣት ጊዜ ወሰደበት።

ዋንጫው የእኛ ሆነ። ማታ አባባ የሱሪያቸውን ጭቃ እየፈገፈጉ፣ «እንዳልኩት ነው፣ ሲቆም ዋለ» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ፤ ከዚያም በረጅሙ ጸለዩ፣ ወጡም እንደ ልማዱ ቀዘቀዘ።

ዛሬ ገመቹ በቅርብ ባለችው ጉቴ ከተማ መምህር ነው፤ እሁድ እሁድ ሲመጣ እኛው ቤት እንሰበሰባለን። አባባ አርጅተዋል፣ ትንፋሽም ያጥራቸዋል፤ ማዕድ ላይ ጥቂት ጸልየው ድምፃቸው ሲደክም «የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ፣ አሜን» ይላሉ። ያኔ ምነው ባጠረ ስል የነበርኩት ልጅ፣ አሁን ወጡ ገና እየጨሰ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ምናልባት ይቀጥሉ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። ገለጥ አድርጌ ሳይም ገመቹ እንደ እኔው ጨፍኗል።