ሞቆ የሚያድረው ፍሪጅ

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ከሁሩሙ ስነሳ እናቴ የሰጠችኝ አደራ አንድ ብቻ ነበር፤ መቱ እንደደረስኩ፣ ሻንጣዬን ዶርም ሳላስገባ፣ መናኸሪያው አጠገብ ቦምቦሊኖ የሚሸጡትን የልጅነት ጓደኛዋን ሄጄ ሰላም እንድል። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሄድኩ። እትዬ ከብረት ድስቱ ቀና አሉና ገና ሳልናገር «የእሷ ልጅ ነሽ፤ አቋቋምሽ ይናገራል» ብለው ሁለት ትኩስ ቦምቦሊኖ በሳህን አቀረቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት እሳቸው ጋ ሳልደርስ የቀረሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ሰው ሻይ ከጋበዘኝ ብርጭቆውን ራሴ ካላጠብኩ የጠጣሁት አይወርድልኝም። አስተማሪ ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን ባላውቀውም እጄ ይነሳል። እትዬ ቤትም እንደዚያው ነበርኩ፤ ወንበር አስተካክላለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ የስኳሩን ዕቃ ያለ ቦታው አስቀምጬ አስፈልጋቸዋለሁ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እባክሽ ተቀመጪ፤ ራሴን አዞርሽው» ይሉኛል። እቀመጣለሁ። ጉልበቴ ግን ከጠረጴዛው ሥር መንቀጥቀጡን አይተውም።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ በሩ አጠገብ የከሰል ምድጃ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከእኔ የሚረዝም ፍሪጅ አለ። ነጭ የነበረው ቀለሙ ወደ ቅቤ መልክ ዞሯል። አናቱ ላይ ዳንቴል ተነጥፎለታል። በሩ ላይ የፋብሪካው አርማ ሊኖር በሚገባው ቦታ ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። ዕድሜው ከእኔ እንደሚበልጥ፣ ሞተሩ ከተቃጠለም ዓመታት እንዳለፉ እትዬ ነግረውኛል። የማይሠራ ዕቃ ቤት ውስጥ መቆሙ አልገረመኝም። በእኛም ቤት የተበላሸው ትልቁ ቴሌቪዥን ሳሎን ውስጥ በክብር ተቀምጧል፤ የሚሠራው ትንሹ እሱ ላይ ተደርቦ ነው።

አርማውን የወሰዱት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ከቦምቦሊኖ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ፣ ካውያ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ የመጣላቸውን ሁሉ ይጠግናሉ። ከሥራ ጠረጴዛቸው በላይ አንድ ሰፊ ጣውላ ተሰቅሏል። እጃቸው ላይ የሞተ ዕቃ ሁሉ አርማው ተፈትቶ እዚያ ላይ ይመታል። የብረት አለ፣ የፕላስቲክ አለ፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ አለ፤ አንዳንዱ ፊደሉ ረግፎ ግማሽ ስም ብቻ ቀርቶታል። ሌላው ሰው ቴምብርና የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል፤ እሳቸው ይህን ሰበሰቡ። እትዬ ጣውላውን «መካነ መቃብሩ» ይሉታል።

ጋሼ አራት ሰዓት ላይ ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ ወሬው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«የዛሬ ካውያ ዋስትናው ካርቶኑ ላይ ነው» ይላሉ ጋሼ። «ካውያው ያልቅና ካርቶኑ ይቀራል።»

«የእኔ ካውያ ሦስት ልጅ ድራለች» ይላሉ እትዬ።

«እሷ መቼ ዳረች? ሽቦዋን እየቀየርኩ እኔ ነኝ የዳርኩት።»

«ታዲያ ፍሪጄን ምን በደለዎት? ሞተ ብለው አርማውን ነቅለው ወሰዱብኝ። በሩ ራቁቱን ቀረ።»

«የሞተ ሰው መታወቂያ ምን ያደርግለታል?»

«ይመልሱልኝ።»

«የተነሳ ዕለት ይመለስለታል።»

እኔም ወሬው ውስጥ ልግባ ብዬ፣ ጋሼንም ደስ እንዲላቸው፣ ልጅ ሳለሁ ቆርኪ እሰበስብ እንደነበር ነገርኳቸው፤ በቀለም በቀለሙ ለይቼ አንድ ጆንያ ሞልቼ ነበር።

«የት ደረሰ?» አሉኝ፤ የምር ጓጉተው።

«አባቴ ጣራ ሲመታ እየጠፈጠፈ ምስማሩ ሥር አደረገው።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ፣ ሰብሳቢ ጠላቱ ቤተሰቡ ነው» አሉ። እትዬ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን ጋሼ ሻያቸውን እየጠጡ ወደ ጥግ፣ ወደነዚያ ሁለት ቀዳዳዎች ማየታቸውን አስተዋልኩ። አርማቸው ጣውላው ላይ ካለው ዕቃዎች ሁሉ አሁንም በየቀኑ ፊታቸው የሚቆምባቸው ያ ፍሪጅ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ አደባባዩ ጋ አንድ ኬክ ቤት ተከፈተ። መስታወት ያለው መደርደሪያ፣ ውስጡ መብራት፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ። የእትዬ አግዳሚዎች ሳሱ። የሚያቦኩት ሊጥም ከሳምንት ሳምንት አነሰ። አንድ ሐሙስ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ መጣና አንድ ቦምቦሊኖ ቆሞ በላ። ሰኞ ስብሰባ አለ፤ ለአራት ሰዓቱ ሻይ ሁለት መቶ ይፈለጋል፤ ካማራቸው የመሥሪያ ቤቱ ሻይ ክበብ በየቀኑ ይወስዳል። እሱ ከወጣ በኋላ እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ይሄ ከያዘልኝ ያዘልኝ» አሉ። «ካልያዘ ዘግቼ ሁሩሙ እገባለሁ።»

ከዚያ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ያ ፍሪጅ ቢነሳ እኔም ቀዝቃዛ ለስላሳ እሸጥ ነበር» ሲሉ ሰማሁ።

የዚያን ቀን የክፍል ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩትን ዛሬ ማንበብ አልችልም። አጎቴ ሁሩሙ ጓሮው ውስጥ በጀርባው የተኛ ፍሪጅ አለው። ጎኑን ዝገት በልቶታል፣ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል፤ ሞተሩ ግን ደህና እንደነበር ሁልጊዜ ይናገራል። ለጋሼ ስነግራቸው ሻያቸውን አስቀመጡ።

«ዓይነቱ?»

ነገርኳቸው።

«አምጪው» አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

ቅዳሜ ሄጄ አመጣሁት። አጎቴ ሞተሩን ፈትቶ፣ ዶሮዎቹን ይቅርታ ጠይቆ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው መጣሁ። ረዳቱ ማዳበሪያውን ነካ ነካ አደረገና «ይሄ በግ ነው እንዴ?» አለ። «በግ ቢሆን ይህን ያህል አይከብድም» አልኩት። ወንበር ሙሉ ሰው ሳቀ። መቱ እስክገባ ድረስ ግን እኔ የማስበው የእትዬን ፊት ነበር፤ በሩን ሲከፍቱ ቀዝቃዛው አየር ሲመታቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ሲዞሩ።

እሑድ እትዬ ለለቅሶ ሁሩሙ ሄዱ። ቁልፋቸውን እንደወትሮው ጋሼ ጋ ተዉ። እንደሄዱ ገባን። ፍሪጁን ስንከፍተው ሞቅ ያለ፣ የጠጅ ቤት የሚመስል ሽታ አወጣ። መደርደሪያው ላይ የደረቀ ዱቄት አለ፤ ከታች አንድ ክዳን ያለው ትልቅ ድስት ተቀምጧል።

«አይጥ እንዳይነካባቸው ዕቃ ይከቱበታል» አሉ ጋሼ።

ድስቱን አወጣሁ፣ ውስጡን በሳሙና አጠብኩ። ጋሼ ከቀትር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጀርባው ላይ ሠሩ። በየመሀሉ «ካቻቢቴ»፣ «ያዢው»፣ «አትንቀሳቀሺ» ይሉኛል። በመጨረሻ ሲሰኩት አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ማጉረምረም ጀመረ። ጋሼ መዳፋቸውን በሩ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሱቃቸው ሄደው ከጣውላው ላይ አርማውን ነቀሉና በቀድሞዎቹ ቀዳዳዎች አሰሩት። ሁለተኛውን ብሎን እኔ ነኝ ያጠበቅኩት። ድስቱን ወደ ቦታው መለስኩና ቆልፈን ወጣን። አስደንግጠን ልናስደስታቸው ተማምለናል።

የሆነው ይህ ነው። ሲመሽ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበና መብራት ጠፋ። እትዬ በመጨረሻው ሚኒባስ ገቡ፤ ከጋሼ ሚስት ቁልፉን ተቀብለው በሻማ የሁለት መቶውን ሊጥ አቦኩ። ፍሪጁ ጨለማ ውስጥ ጸጥ ብሎ ቆሟል፤ አርማውን በሻማው ብርሃን አላዩትም። እንደየምሽቱ ሁሉ ሊጡን በሳፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ፣ ድስቱን የፈላ ውሃ ሞልተው ከታች ከተቱ፣ በሩን ዘግተው ቤታቸው ገቡ። የመቱ ዝናብ ባለበት ሊጥ ውጭ ካደረ አይነሳም፤ የበሩ ጎማ ግን ከድሮ ጀምሮ አየር አያስገባም። ያ የሞተ ፍሪጅ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሊጥ ሲያሞቅ ነበር የኖረው። እኛ ጠዋት የምናየው ካወጡት በኋላ ስለነበር አናውቅም። እሳቸው ደግሞ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው ብለው አስበው አያውቁም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ መብራት መጣ።

ሰኞ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር እንደተከፈተ እየሮጥኩ ደረስኩ። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ሲያመሰግኑኝ የምመልሰውን ትሕትና ስለማመድ ነው ያደርኩት። እትዬ ከፍሪጁ ፊት ቆመው ሳፋውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሊጡ እንደተቦካ ነው፤ አንድ ጣት አልተነሳም። ጣቴን ብሰካበት እንደ ሸክላ ጭቃ ቀዘቀዘኝ።

«ይሄን ምን ነካው?» አሉ። ከዚያ አርማውን አዩት፣ የሞተሩን ድምፅ ሰሙ፤ ዞረው እኔን አዩኝ። ይህን እይታ አልነበረም ያሰብኩት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኩ። «ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።»

ሳፋውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ያየሁት የዚያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ ወደ በሩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወደ በሩ ሄድኩ። ጋሼ የሻያቸው ሰዓት ሳይደርስ ፈገግ ብለው ገቡ፤ ሊጡን ሲያዩ ፈገግታቸው ረገፈ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚፈለገው?»

«አራት ሰዓት» አልኩ እኔ።

«ቆራርሳችሁ አምጡት» አሉና ወጡ።

ሱቃቸው ስንደርስ ያላቸውን ሁሉ ሰክተው ነበር። ሲጋል ቀይ የሚሆን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሦስት ካውያ፣ ጀርባው እንደ ምጣድ የሚሞቅ የድሮ ባለ አምፖል ሬዲዮ፣ እንዲያውም ደንበኛው ሳይወስደው የቀረ የፀጉር ማድረቂያ። እትዬና እኔ ሊጡን በቁራጭ አድበልብለን በትሪ ደረደርን። ትሪዎቹን በዕቃዎቹ ዙሪያ አስቀመጥን፤ ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው ከላይ ጣሉበት። ሬዲዮው በኦሮምኛ የገበያ ወሬ ያወራል። ጋቢውን በየደቂቃው ገልጬ አያለሁ።

«ተዪው» አሉ እትዬ። ጠዋት ሙሉ ያናገሩኝ ይህን ብቻ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሬዲዮው አጠገብ ያለው ትሪ ኩፍ አለ። ከዚያ ሁለተኛው። እትዬ ትሪውን ነጥቀው ወደ ብረት ድስቱ ሮጡ። እሳቸው ይጠብሳሉ፣ እኔ ስኳር አነሰንሳለሁ፣ ጋሼ ከሱቃቸው ትሪ ያመላልሳሉ። አንድ መቶ ስልሳው ነው የደረሰው፤ የቀረው ለዓይን አይሆንም ነበር። ባጃጅ ውስጥ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፌ ሄድኩ። አራት ሰዓት ከሃያ። ተላላኪው ደጅ ላይ ቆሟል።

«ዘገየን» አልኩት፣ ላለቅስ እየታገልኩ።

«ስብሰባው ራሱ ገና አልተጀመረም» አለኝ። «ግን ሁለት መቶ ነበር።»

«ልክ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእሳቸው አይደለም።»

ካርቶኑን ተቀበለኝ።

ስመለስ ፍሪጁ ተነቅሏል፤ ጸጥ ብሏል። ጋሼ ካቻቢቴ ይዘው በሩ ፊት ቆመዋል፤ ብሎኑን ግን አልነኩትም። «ወደ ጣውላው ልመልሰው?» አሉ።

«ይተዉት» አሉ እትዬ። «ሠርቷል እኮ። በደንብ ነው የሠራው፤ ያ ነው ችግሩ።»

ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ምን እንደተማርን አላውቅም። ከሰዓት ስደርስ ተላላኪው ሻይ እየጠጣ አገኘሁት። እትዬ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

«ክበቡ በየቀኑ ይወስዳል» እያለ ነበር። «ግን የሰኞው ዓይነት ይሁን ብለዋል። ሐሙስ እኔ ከበላሁት የሰኞው ይበልጣል። ጣዕም አለው።»

«የሰኞው» አሉ እትዬ።

«አዎ፣ የሰኞው።»

እሱ ከሄደ በኋላ ብርጭቆውን አጠብኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ እትዬ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ አዘዙኝ። ሊጡ ሲያልቅ ሳፋውን ፍሪጁ ውስጥ አስገቡ። የፈላው ውሃ ድስት እጃቸው ላይ ነው፤ አላስገቡትም። ትንሽ አሰቡና መልሰው ምድጃው ላይ ጣዱት።

«ኮቱ፣ ነይ ወዲህ» አሉኝ።

ሄድኩ። ገመዱን ከወለሉ አንስተው መሰኪያውን መዳፌ ላይ አደረጉት።

«ሰኪው» አሉ። «ጣዕሙን የሰጠው ብርዱ ነው። ጎህ ሲቀድ መጥተሽ ትነቅይውና ሙቅ ውሃውን ታስገቢለታለሽ። አንቺ እንደሆንሽ አትተኚም።»