የማክሰኞና የረቡዕ ብስክሌት

የብስክሌት ሰንሰለት ዘይት ሽታ አሁንም ባላሰብኩት ሰዓት ይመጣብኛል። ጋራዡን ስከፍት፣ አንዳንዴም ጎረቤታችን የሣር ማጨጃውን ሲያጸዳ ነፋሱ ይዞት ይመጣና ቆም ብዬ እስበዋለሁ። ከባለቤቴ ከግርማ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ ሰንሰለት መቀባት ነበር፤ አትላንታ አጠገብ ሊልበርን ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ብስክሌቶቹን ገልብጠን አቁመን፣ እኔ ፔዳሉን በእጄ ሳዞር እሱ ሰንሰለቱ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ ያደርግ ነበር።

«ቀስ በይ ውብዬ፣ ጤፍ እየፈጨሽ አይደለም» አለኝ።

«አንተም ቶሎ ጨርስ ግርምሽ፣ ወገቤ ተቆረጠ» አልኩት።

ጨርሰን እጃችንን ታጠብንና ከትናንት የተረፈ ምስር አሙቀን በላን። በሦስተኛው ቀን ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ።

ያደግኩት ናዝሬት ነው። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የበዛባት ነበረች፤ ከቤታችን ፊት ለፊት በሰዓት የሚያከራይ ሰው ነበረና ታላቅ ወንድሜ ግማሽ ሰዓት በተከራየ ቁጥር እኔ ኮርቻውን ከኋላ ይዤ እየሮጥኩ እገፋው ነበር። በበጋ አቧራው ጥርሴ ውስጥ ይንኮሻኮሻል፣ በክረምት ጭቃው ቀሚሴን እስከ ወገቤ ይረጨዋል፣ እኔ ግን ቅር ሳይለኝ እሮጥ ነበር። ተራዬን ስጠይቅ ወንድሜ «አንቺ እኮ ሞተሬ ነሽ፣ ሞተር ደግሞ አይቀመጥም» ይለኝና ይስቅ ነበር። አባቴም ከበረንዳው ሆኖ «ሴት ልጅ ወድቃ ብትሰበር ማን ይጠግናታል?» ይል ነበር፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ለእሱ የታወቀ ነገር መናገሩ ነበር። እንዲህ ሆኖ ልጅነቴ አንድ ቀን እንኳ ሳልቀመጥበት አለፈ፤ ብስክሌት ሰው ከኋላው የሚሮጥለት ነገር እንደሆነ አምኜ አደግኩ።

ስለዚህ መንዳት የተማርኩት አትላንታ ውስጥ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ቆይተናል፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥር አልፎ ነበር፣ ልጃችን ሶስናም ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ግርማ ሁለታችንንም መኪና የሌለበት ፓርኪንግ ወስዶ አንድ ላይ ያስተምረን ጀመር። እሷ በሳምንቷ ስትበር እኔ ሁለት ወር ፈጀሁ። ዙሪያዬን እየተሽከረከረች «ማሚ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ታች አትዪ! ላይክ፣ ወደፊት እዪ!» ትለኝ ነበር። ግርማ ኮርቻዬን ከኋላ ይዞ፣ ቦርጩ እየተንቀጠቀጠና እያለከለከ ይሮጥልኝ ነበር፤ እኔም ፈረንጆቹ እያዩን መሆኑን እረሳና እንደ ልጅ እጮህ ነበር። የልጅነቴ አንዱ ክፍል ያን ጊዜ ዘግይቶ የደረሰኝ ይመስለኛል።

ተማርኩ እንጂ ከፊት መሆን አልቻልኩም። የእሱን የኋላ ጎማ ካላየሁ መንገዱ ይጠፋብኝ፣ መታጠፊያ ላይ ከዓይኔ ሲሰወር ፍሬን ይዤ እወርድ ነበር። «ቅደሚ» ሲለኝ «ተወኝ፣ ከኋላ ይሻለኛል» እለው ነበር።

ግርማ ኮሌጅ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ካለው ኤርፖርት መንገደኞችን ወደ ሆቴል ያመላልስ ነበር፤ ዕረፍቱ ማክሰኞና ረቡዕ ስለነበር እኔም በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ሺፍቴን ቀይሬ ከእሱ ጋር አስማማሁት። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ማክሰኞ ማለዳ ሦስቱን ብስክሌት ከመኪናው ኋላ ሰቅለን እንወጣና ረቡዕ ማታ እንመለስ ነበር። ረቡዕ ጾም ነውና የሽርሽራችን ሁለተኛ ቀን ሁልጊዜ ያለ ቁርስ ነበር። ሌላው ሰው የዕረፍቱን ቀን አይቶ ይቀይር ይሆናል፤ እኛ ግን አንዴ የያዝነውን መልቀቅ አንወድም።

በጸደይ የጥዱ ብናኝ አትላንታን ቢጫ ሲያለብሳት፣ ከከተማው ወደ ምዕራብ ባለው የድሮ ባቡር መንገድ ላይ እንነዳ ነበር። ሐዲዱ ተነቅሎ አስፋልት የለበሰ፣ በጥድና በከብት ግጦሽ መካከል የሚሄድ ሜዳ መንገድ ነው። አንድ ጊዜ ግርማ በሶ በስፖርተኞች የውሃ መያዣ በጥብጦ ያዘ። በሶው ፀሐይ ላይ ሲናጥ ውሎ የጠርሙሱ አፍ ተደፈነ፣ እሱም በጉልበት ሲጨምቀው በሶው ተተኩሶ የሶስና ሄልሜት ላይ አረፈ። አጠገባችን የቆሙ ሽማግሌ ፈረንጅ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት ኮስተር ብሎ «ፕሮቲን» አላቸው። ሶስና ማታ ቤት እስክንገባ ድረስ ስትስቅ ዋለች።

በመከር ወደ ደቡብ ወርደን የተከፈተ ጥጥ በግራና በቀኝ በነጣበት የገጠር መንገድ እንሄድ ነበር፤ ውሾች ያባርሩናል፣ ግርማም ፔዳሉን ሳያቆም በአማርኛ ይገስጻቸዋል። በክረምቱ ብርድ ደግሞ የትም አንሄድም፤ ጋራዡ ውስጥ ጎማ እየነፋን፣ ስለሚመጣው በጋ ብቻ እናወራ ነበር።

በጋ የባሕር ወቅት ነበር። አምስት ሰዓት በመኪና ነድተን ጄኪል ደሴት እንደርስና በረግረጉና በባሕሩ ዳር እንነዳ ነበር። ሶስና ዘጠኝ ዓመቷ በነበረበት በጋ የሄድነው በሐዋርያት ጾም ነው። ግርማ ያን ዓመት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ላለመቅመስ ወስኖ ነበር፤ ማክሰኞ ቀላል ነበር፣ መኪና ውስጥ አለፈ። ረቡዕ በማለዳ ነድተን በጊዜ ልንመለስ ስንል ጎማው ተበስቶ አረፈድን፣ ስንነሳ ፀሐይዋ ጠንክራለች። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ የግርማ የፊት ጎማ ግራና ቀኝ ሲዋልል አየሁ። ወርዶ፣ ብስክሌቱን አሸዋው ላይ ጣለና ትልቅ የኦክ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላብ የለውም።

ለሶስና ብቻ የያዝነው ውሃ አልቋል። የእሱ ስልክ ባትሪው ሞቷል፣ የእኔ ደግሞ ሆቴል ውስጥ ቀርቷል፤ በመንገዱም ማንም አልነበረም። ያለፍነው ሱቅ ሁለት ማይል ወደኋላ ነው። ሶስናን «በኮፍያሽ አራግቢለት፣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» ብዬ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ከፊቴ የምከተለው ጎማ አልነበረም። በረግረጉ ላይ ባለው የእንጨት ድልድይ ሳልፍ ጮክ ብዬ «ፍሬን፣ መሪ፣ ፔዳል» እያልኩ ለራሴ እናገር ነበር፣ ከድልድዩ ስወርድም ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ደማ፣ ተነስቼ ነዳሁ። ስመለስ ሁለት ጠርሙስ ውሃና በረዶ በከረጢት መሪው ላይ አንጠልጥዬ ነበር።

ውሃውን ስሰጠው እጁን ወደኋላ ሰበሰበ። «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ በደረቀ አፉ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር። «ዘጠኝ አልፏል» አልኩት።

«ማሚ፣ ኖ፣ ገና እኮ...» ስትል ሶስና፣ ዓይኔን አፈጠጥኩባት፤ በኮፍያዋ ማራገቧን ቀጠለች። ግርማ በቅጠሉ መካከል ወደ ላይ አየ፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። የእጅ ሰዓቱ እጁ ላይ ነው፣ እሱን ግን አላየም።

«አንቺ ካልሽ እሺ» አለና አማትቦ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

በረዶውን አንገቱ ላይ አደረግኩለት። ቆይቶ ቀለሙ ሲመለስ ጉልበቴን አየ። «ብቻሽን ሄድሽ?»

«ማን ይሸኘኝ?»

«ሳትወድቂ?»

«አንዴ ብቻ።»

«አንዴማ እኔም እወድቃለሁ» ብሎ ሳቀ። ስንመለስ ከፊት እንድሆን ነገረኝ፤ ደክሞት ስለነበር አልተከራከርኩም። ከዚያ ወዲህ በየሽርሽሩ ከፊት እኔ ሆንኩ።

የዋሸሁትን ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው። «ውሸቱን ተናዘዝሽ፣ ደግ አደረግሽ፤ ውሃውን ግን እንዳትናዘዢ» አሉኝ። ለግርማ ግን አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ሽርሽር እነግረዋለሁ እያልኩ፣ ጥጡ ተለቀመ፣ ብናኙ መጣ፣ ባሕሩም ደጋግሞ ተመለሰ፣ ዓመታት አለፉ። ያን ቅዳሜ ሰንሰለቱን ስንቀባ እንኳ ጊዜ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። አውቆ ጠጥቶ እንደሆነ ወይም አምኖኝ እንደሆነ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም። ሶስናን ጠይቄያት ነበር፤ እሷ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ማታ የበላችውን አይስክሬም ብቻ ነው። አንዳንድ ቀን አውቆ ነው እላለሁ፣ ሌላ ቀን ደግሞ በጣም ተጠምቶ ነበር እላለሁ፤ በሁለቱም ቀን ውሃውን ጠጥቷል።

ያኔ በቤታችን ማክሰኞ ጠዋት የሚሰማው ጫጫታ፣ የጠፋ ጓንትና የጠፋ ቁልፍ ፍለጋ ነበር። አሁን ሶስና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ከጓደኞቿ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር ብስክሌት አትወጣም፣ እኔም አልፈርድባትም። ሥራ ቦታ ሺፍትሽን ቀይሪ ብለውኝ ነበር፣ አልቀየርኩም። ማክሰኞ ሶስናን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ አንድ ብስክሌት ሰቅዬ ወደ ምዕራብ እሄዳለሁ፣ አሥር ማይል ነድቼ እመለሳለሁ።