ያረጀ ያልነው ኮከብ

ያረጁ ኮከቦችን ነው የምፈልገው ስላቸው፣ አዘዞ ያሉ ጎረቤቶቻችን ሌሊቱን ደጅ የማድር ይመስላቸዋል። ምን ሲደረግ! እኔ የምውለው ቀን በጠራራ ፀሐይ ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ነው። ኮከብ ሲያረጅ አቧራ እየተፋ ራሱን ይሸፍናል፤ በዓይን ቢፈልጉት አይገኝም። ሙቀቱን ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን እናየዋለን። ማርጀቱን የምናረጋግጠው ግን በራዲዮ ቴሌስኮፕ ነው፤ የሽማግሌ ኮከብ ምልክት ግራፉ ላይ ሁለት ቀንድ ያወጣል።

አባቴ የዜማ መምህር ነበሩ። ያን ዓመት ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ዋሉ፤ ሐኪሙም እኔን ነጥሎ ብዙ እንደማይቆዩ ነገረኝ። ምኞታቸው ስመረቅ ማየት ብቻ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ደግሞ የቆመው በአንድ ኮከብ ላይ ነው። ሊሞት የተቃረበ ኮከብ አገኘሁ ብዬ ብነግራቸው፣ ጉድ በሉ፣ ማታ ማታ ይጸልዩለት ጀመር። እናቴ የቀረው ፍትሐት ብቻ ነው እያለች ትስቅባቸዋለች።

ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን ሲቃረብ፣ ኮከቡን በራዲዮ ያዩልኝ የውጭ አገር ባልደረቦች ውጤቱን ላኩልኝ። ቀንድ የሚባል ነገር የለውም። ዙሪያውን ቀዝቃዛ ደመና ከቦታል፤ ገና እየተወለደ ያለ ኮከብ ነው። አራስ ኮከብም በአቧራ ተጠቅልሎ ስለሚወለድ በኢንፍራሬድ ብቻ ሲያዩት ከሽማግሌው ጋር ይምታታል። በዚህ ሥራ ያልተሳሳተ የለም፤ እኔን ግን በክፉ ቀን አገኘኝ። አንድ ጓደኛዬ የራዲዮውን ትቼ በኢንፍራሬዱ ብቻ እንድጽፍ መከረኝ፤ ማን ያጣራል? እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ሌላ ፍለጋ ከጀመርኩ ዓመት ይፈጃል፣ አባቴ ደግሞ ዓመት የላቸውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ፣ ከሐኪሙ ነገር በቀር ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

«አሁን ገና የተወለደ ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ታዲያ አራሱን ልጅ ሊሞት ነው ብለሽ ልትጽፊበት? ተይ፣ ልጄ፣ ሸጋ አይደለም።»

ኮከቡን ከጽሑፌ ከሰረዝኩት ዘንድሮ እንደማልመረቅ ነገርኳቸው። ለከርሞ ይደርሳል ማለቱን ግን ተውኩት። እጄን ያዙ።

«ሐኪሙ የነገረሽን ለኔም ነግሮኛል» አሉኝ። «ሂጂ፣ ሰርዢው።»