ቦቢ የዋጠው ቁልፍ

ትናንት ለገሃር ቁልፍ ላስቀርጽ ቆሜ፣ በቁራጭ ጨርቅ የታሰረች የጓጉንቸር ቁልፍ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጅ ሳለሁ ካዛንቺስ ግቢያችን የነበረው አንድ ቧንቧ ብቻ ነው፤ እሱም በጓጉንቸር ይቆለፍ ነበር፤ ቁልፉ እንዳይጠፋ ቁራጭ ጨርቅ ታስሮበታል። የፋሲካ ዕለት ጎረቤቱ ተሰብስቦ የቅርጫ ሥጋ ሲመድብ፣ የቧንቧው ቁልፍ ሞራ ውስጥ ወድቆ ኖሮ አባቴ ሳያየው ሞራውን ለግቢው ውሻ ለቦቢ ወረወረለት። ቦቢ ከነጨርቁ ዋጠው።

ሁሉም እጁ ሞራ እንደሆነ ዞሮ የተቆለፈውን ቧንቧ አየ።

«በቃ፣ ጨው በውሃ እንጋተውና ይትፋው!» አለ አባቴ።

የግቢያችን ትልቅ ሰው እማማ በለጡ ተቆጡ። «ተው አንተ! ሲወጣ ጉሮሮውን ቢቀደውስ? ደግሞ ውሃውን ከየት ልታመጣ ነው? ቤት የተረፈውን ገንፎ ይብላ፤ በጓሮ በኩል ይወጣል። ዛሬ ቦቢም መደብ አለው!»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ከገንፎው ሌላ ሁሉም ከመደቡ ቆንጠር እያደረገ አጎረሰው፤ እኛ ልጆች ደግሞ ጅራቱን እያየን ስንከተለው ዋልን። ቁልፉ በማግስቱ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ባቃጨለ ቁጥር ቦቢ ጭራውን እየቆላ ከተፍ ይል ነበር።

ትናንት ቀራጩ አዲሱን ቁልፌን ሲሰጠኝ ከአሮጌው ጋር አቃጨልኩትና ወደኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ።