አባቴ ያልሠሩት አክስል

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሦስተኛው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዬም አልነሳ አለ። የሰሌዳው መብራት አንዴ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአባቴ የጋሪ መሥሪያ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ተቀምጬ፣ ስምንት ወር የደከምኩበትን ነገር አገላብጬ አየሁት።

ከከተማው በጋሪ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ የመስኖ ቦይ አለ። ውሃውን በየተራ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላሉ። ውሃው ቦዩ ጫፍ መድረሱን በእግራቸው ሄደው ያዩ ነበር፤ አሁን ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ውሃው ሲደርስ ስልካቸው ላይ መልእክት የሚልክ መሣሪያ እሠራለሁ ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።

ያስቸገረኝ የመሣሪያው አንጎል ነው። ፕሮሰሰሩንና ሜሞሪውን የማገናኘው በራሴ ንድፍ ነበር። ሰሌዳው ውጭ አገር ታትሞ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሲመጣ ሁለቱ አይግባቡም፤ አርሜ እንደገና እልካለሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ግን አብሮኝ የተማረ ልጅ የሰጠኝ ሞጁል አለ። ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም ተገጥመውና ተሞክረው ያለቁበት፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ነገር ነው። እሱን መሰካት ፈተና የመኮረጅ ያህል መስሎኝ ሳልነካው ቆየሁ።

ያን ጠዋት የውሃ አባት አባቴ ዘንድ መጡ። ድምፃቸውን ስሰማ በሬን ገፋ አድርጌ ዘጋሁ፤ በጭቃው ግድግዳ በኩል ግን ሁሉም ይሰማል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ። የቦዩ ጫፍ ሰዎች ውሃ ሳያገኙ ተራቸው እያለፈባቸው ስለሆነ፣ እግሩ የጠና ሌላ የውሃ አባት እንመርጣለን ብለዋል። አባቴ ልጥራት ሲሉ ከለከሏቸው።

«ተዋት። እኔን ባየች ቁጥር እንደ ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች፤ ዛሬ ደግሞ አላስጨንቃትም።»

ከሄዱ በኋላ ወጣሁ። ከአሮጌ መኪና የወጣ አክስል፣ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ብረት፣ ከነጎማው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ አባቴ ከላዩ የሚያርፈውን ሳንቃ ይለካሉ። ጋሪ ለሚያሠራ ሰው ያላቸው ጥያቄ ከድሮም አንድ ነው፦ ምን ልትጭንበት ነው? ለበቆሎ ሌላ፣ ለበርሜል ውሃ ሌላ፣ ለሰው ሌላ ነው።

«አባባ፣ አክስል ሠርተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ምን ቆርጦኝ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «እሱን የሠራው ሠርቶታል። እኔ የምጠየቀው ጭነቱ ከወደቀ ነው።»

ክፍሌ ተመልሼ ብዙ አሰብኩ። ሞጁሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ አላውቅም፤ ሠሪው ነገ ማምረቱን ቢያቆም መከራው የእኔ ነው። አባቴም የለመዱት ዓይነት አክስል ከገበያ ሲጠፋ ሳንቃውን እንደ አዲስ ሲበሱ አይቻለሁ። ስለ ጭነቱ፣ ማለትም ስለ ውሃው፣ ግን ስምንት ወር ሙሉ አንድም ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሞጁሉን አወጣሁ። ባትሪውን፣ የውሃ መለኪያውንና የሲም ካርዱን ክፍል በተበሳሳ ሰሌዳ ላይ በእጄ በየድኩ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ላይ ከመሣሪያው መልእክት ገባ። የደስታዬን ያህል አፈርኩም።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት በጋሪ ወደ ቀበሌው ሄድኩ። የውሃ አባትን አሳፍሬ እስከ ቦዩ ጫፍ አብረን ወረድን። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ እንዳቃተኝና የመሣሪያው ዋና ክፍል የሌላ ሰው ሥራ እንደሆነ፣ አንገቴን ሳልደፋ ነገርኳቸው። እሳቸው የጠየቁኝ ዝናብ ይችል እንደሆነ ብቻ ነበር። ቦዩ ዳር ስንደርስ እኔም በተራዬ ጠየቅኋቸው።

«የኔ አባት፣ ውሃው እስከ የት ሲሞላ ነው ደረሰ የሚሉት?»

ወደ ቦዩ ጠጋ አሉ። ከዚያ በትራቸውን እስከ ወለሉ ሰደው አውራ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«ከዚህ ካነሰ ማሳ ሳይገባ መንገድ ላይ ይቀራል» አሉ።

በትሩ ላይ ከጣታቸው ሥር በእርሳስ አሰመርኩ። ልኩን ቦዩ ውስጥ ወደተተከለው ምሰሶ አዛወርኩና መለኪያውን እዚያው ላይ አሰርኩት።