«ይደር» የተባለው ቡችላ

ዝናብ የነካው ውሻ ሲሸተኝ የአባዬ እንግሊዝኛ ትዝ ይለኛል።

ሦስተኛ ክፍል ሆኜ፣ ክረምት ላይ፣ ከአባዬ ጋር ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል ዓሣ ገዝተን ስንመለስ አንድ ቡችላ የያዝነውን እያሸተተ ተከትሎን፣ ባጃጁ ውስጥ ዘሎ ገብቶ፣ ቤት ስንደርስም ከእኛ ቀድሞ ወርዶ እንደ ቤተኛ በሩ ላይ ቆመ። አባዬ የቢሮ ሰው ነው፤ በዚያው ሰሞን ከሥልጠና ተመልሶ ስለነበር፣ «እናስቀረው?» ብዬ ስለምነው መነጽሩን አስተካክሎ፣ «ስሊፕ ኦን ኢት!» አለኝ። «ፈረንጆች ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው እንዲህ ይላሉ። ሳይቸኩሉ አድሮ፣ ጠዋት በተረጋጋ መንፈስ መወሰን ማለት ነው።»

እማዬ የዓሣውን ቅርፊት እየፋቀች፣ «እኛስ ‹ይደር› እንል የለ? ለዚች ነው አበል የበላኸው?» አለችው።

እንዳይነጋ እየጸለይኩ ተኛሁ። ሲነጋ አባዬ ቢሮ ረፍዶበት ሮጦ ወጣ፤ ማታም «ይደር» አለ፣ በማግስቱም። እማዬ ሳይወሰን ስም እንዳይወጣለት ስለከለከለችን «ጉዳዩ» እያልን ስንጠራው፣ «ጉዳዩ በላ?»፣ «ኧረ ጉዳዩ ጫማዬን በላው!» ስንባባል ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ። እኔና ወንድሜም ትምህርቱ ገብቶን፣ ሳህን እጠቡ ስንባል «ስሊፕ ኦን ኢት» እንል ነበር፤ እማዬ ግን ውሳኔዋን ወዲያውኑ፣ በነጠላ ጫማ ታሳውቀን ነበር።

በጋ ላይ አጎቴ፣ የእማዬ ወንድም፣ ከቱላ መጣ። ጉዳዩ ደረቱ ሰፍቶ፣ ድምፁ ጎርንኖ ሲያየው ዓይኑ በራ። «ይሄንማ ለእኔ ስጡኝ፤ ዶሮዎቼን ይጠብቅልኛል» አለና አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ ወደ በሩ ይጎትተው ጀመር። እንባዬ መጣ። የቀረኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «አባዬ፣ ስሊፕ ኦን ኢት በለው!» ብዬ ጮህኩ።

አባዬ ብድግ ብሎ ገመዱን ከአጎቴ እጅ ተቀበለውና፣ «ምን ማደር ያስፈልገዋል? ውሻው የእኛ ነው!» አለ። እንደዚያ ፈጥኖ ሲወስን አይተነው አናውቅም።

«ታዲያ ዶሮዎቼስ?» አለ አጎቴ።

«እሱ ይደር» አለችው እማዬ።

ያኔ አባዬ «ይደር» ባለ ቁጥር እንዳይነጋ እጸልይ ነበር። አሁን ጉዳዩ አርጅቶ ደጃፉ ላይ ሲያንኮራፋ ሳየው፣ እኛ ቤት ያደረ ነገር ሁሉ እንደሚያድግ ገብቶኛል። ሰሞኑን አባዬን ድመት ጠይቄው ነበር፤ «ስሊፕ ኦን ኢት» አለኝ።

የድመቷን ሳህን ገዝቻለሁ።