ቬልማ እና የሜርል አህያ

ቬልማ እንስሳ አትወድም ነበር፤ ይህንንም ከማንም አልደበቀችም። ያደገችው በጎች በሚያረባ አባት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ስትሄድ ልብሷ በግ በግ ይሸታል እያሉ ሲያሾፉባት ኖረው፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ሁለተኛ በረት አልረግጥም ብላ ከዚያ ቤት ወጣች። ከዚያ በኋላ በካናዳዋ ኒው ብራንስዊክ የገጠር መንገዶች ላይ ሃያ ሰባት ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነዳች።

ባሏ ሜርል ግን የከተማ ልጅ ነው። ጡረታ በወጣ በወሩ ከቤታቸው ጀርባ ያለውን አሮጌ በረት ጠግኖ ሁለት ፍየሎችና ዐሥራ ሁለት ዶሮዎች አስገባ። ቬልማ "በግ ካመጣህ እኔ እወጣለሁ" ስላለችው በግ አላመጣም። በሦስተኛው ዓመት ግን ባለቤቶቹ የሰለቹትን ዳንከን የሚባል የሃያ ስምንት ዓመት አህያ እየጎተተ መጣ። መንጋጋው ላይ አንድም ደህና ጥርስ የለም። "ለደስታዬ ነው" አለ ሜርል። ቬልማም "ደስታህን ራስህ አብላው" አለችው።

አርባ ዓመት ላም ሲያልብ የኖረው ጎረቤታቸው ኦርቪል በዚያ ባለፈ ቁጥር መኪናውን ያቆማል። "ሜርል፣ ፍየሎቹ ዛሬ ከእንቅልፍ ተነሥተዋል ወይስ ቁርሳቸውን አልጋቸው ድረስ ልትወስድላቸው ነው?" ይለዋል። ሜርል ስቆ ያልፈዋል።

በኅዳር ወር ሜርል ከበረቱ መሰላል ወድቆ ዳሌውን ሰበረ። ሐኪሙ እስከ ፀደይ ድረስ በበረዶ ላይ እንዳይራመድ ከለከለው።

"በቃ፣ የሚወስዳቸው ሰው እንፈልግ" አለ ሜርል ሆስፒታል ተኝቶ።

"በዚህ ብርድ ጥርስ የሌለው አህያ ማን ይወስዳል?" አለች ቬልማ። "እኔ እይዛቸዋለሁ። ምስጋናህን ግን አልፈልግም፤ ምክርህንም አልፈልግም።"

ምክሩ አልቀረላትም። ሜርል ከሆስፒታል ወጥቶ ወፍ የሚያይበትን መነጽር ይዞ በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀመጠ፤ ስልኩን ደግሞ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቬልማ በየማለዳው የአውቶቡስ ካፖርቷን ደርባ፣ በረዶው እንዳያዳልጣት ጫማዋ ላይ የብረት ጥርስ አስራ፣ ሙቅ ውኃ በባልዲ ይዛ ትወጣለች። በገንዳው ላይ የጋገረውን በረዶ በመዶሻ ትሰብራለች። ውርጭ እንዳይበላው የአውራ ዶሮውን አናት ላይ ያለውን ቀይ ኩክኒ ቫዝሊን ትቀባለች። እንቁላሉ በብርዱ ሳይሰነጠቅ ቶሎ ብላ ትሰበስባለች። ይህን ስታደርግ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይጮኻል።

"የዳንከንን ድርቆሽ አርጥበሽለታል? ማኘክ አይችልም እኮ።"

"አርጥቤለታለሁ። ያንተንም አጃ አርጥቤ ነው የወጣሁት።"

በጥር ወር አጋማሽ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረና ጎሕ ሲቀድ ውርጭ ወረደበት። ሲነጋ ግቢው፣ አጥሩና ዛፉ ሁሉ መስታወት የተለበጠ መሰለ። መብራትም ጠፍቶ ነበር። ቬልማ እግሯን እየተከለች በረት ስትደርስ የዳንከን ጋጣ ባዶ ነው፤ የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማታ መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው እንዳልገፋችው ያን ጊዜ ትዝ አላት።

አህያው ከበረቱ ጀርባ ከተዳፋቱ ላይ ወድቆ ነበር። አራቱም እግሮቹ ወደየአቅጣጫቸው ተንሸራትተው በሆዱ ተኝቷል። ጠጉሩ በዝናብ ርሶ ከበረዶው ጋር ሊጣበቅ ጥቂት ነው የቀረው። ሊነሣ ሞከረና ኮቴው ተንሸራተተበት። ቬልማ ካፖርቷን አውልቃ ደረበችለት፤ ከዚያ ደወለች።

"ዳንከን ወድቋል።"

"የት? አላየውም" አለ ሜርል።

"ከበረቱ ጀርባ ነው።"

"መጣሁ።"

"ከመጣህ ሁለት የወደቁ ሽማግሌዎች ይኖሩኛል፤ እኔ የምችለው አንድ ነው። ኦርቪልን ጥራልኝ።"

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። ሜርልም ከመስኮቱ ሥር ሆኖ ማድረግ የሚችለው ስልክ መደወል ብቻ ነበር፤ እሱኑ አደረገ። በረቱ ስለሚጋርደው ከዚያ በኋላ የሆነውን አንዱንም አላየም።

ኦርቪል መኪናውን ማንቀሳቀስ ስላልቻለ አጥር አጥሩን ይዞ በእግሩ መጣ። በአንድ እጁ የምድጃ አመድ የሞላ ባልዲ ይዟል። አህያውን ዞሮ ዞሮ አየው። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

"ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?"

"አላውቅም። በሩን የዘጋሁት በደንብ አልነበረም።"

ኦርቪል አመዱን ከኮቴዎቹ ሥር በተነ። ዳንከን ሞከረ፤ አመዱ ከረጠበው በረዶ ጋር ላቁጦ አዳለጠው። ቬልማ አውቶቡስ ስትነዳ ጎማ ሲሰምጥባት የምታነጥፈው ቁራጭ ምንጣፍ ነበራት፤ እሱ ትዝ ብሏት ሄዳ የሳሎኑን ትልቅ ምንጣፍ ጠቅልላ አመጣች። አህያውን በጎኑ ገልብጠው ከሥሩ አነጠፉለት። ሊነሣ ሲል ምንጣፉ ራሱ አብሮት ተንሸራተተ። ቬልማ እዚያው ተቀምጣ የአህያውን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አደረገች። ዳንከን መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር፤ ይህ ደግሞ መጥፎ ምልክት እንደሆነ ከአባቷ ቤት ጀምሮ ታውቃለች።

ኦርቪል ቁልቁለቱን ተመለከተ። የበረቱ የኋላ በር ሠላሳ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል።

"ይንሸራተት እንግዲህ" አለ። "ለምን እንከለክለዋለን? ገመድ አምጪ።"

የምንጣፉን ሁለት ጫፍ በገመድ አስረው፣ ገመዱን በየትከሻቸው አድርገው ጎተቱ። መጀመሪያ ንቅንቅ አልልም አለ። ኦርቪል በጉልበቱ ወድቆ ተነሣ። በሁለተኛው ጉተታ በረዶው ለቀቀውና ምንጣፉ ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ ቁልቁለቱ ራሱ ሥራውን ተቀበላቸው።

"ዞር በይ!" አለ ኦርቪል። ሁለቱም ወደ ጎን ተወረወሩ። ዳንከን እንደ ተጋበዘ እንግዳ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ብቻውን በበሩ ገባና የድርቆሽ ክምር ላይ አረፈ።

በሩን ዘጉት። በሁለት የድርቆሽ እስር ደግፈው በሆዱ አስተኙት፤ በጆንያ እየተፈራረቁ አሹት። ቬልማ ቤት ሄዳ ከእንጨት ምድጃው ላይ ሙቅ ውኃ ቀድታ፣ ከስኳር የሚወጣውን ጣፋጭ ሞላሰስ በጥብጣ አመጣችለት። ጥቂት ላሰ። ከዚያ የቀረው መጠበቅ ብቻ ሆነ።

"እኔ በረት ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው" አለ ኦርቪል እያሸ። "ላሞቼን ሸጬ በመኪና ጭነው ከወሰዷቸው ቀን ጀምሮ። የራሴን በረት በር ከፍቼው አላውቅም።"

"እዚህ ደጅ ግን በየቀኑ ነበርክ።"

"በሜርል ልስቅ ነዋ" አለ፤ ጆንያውን ገልብጦ ማሸቱን ቀጠለ። "እንደዚያ መስሎኝ ነበር።"

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ዳንከን የፊት እግሮቹን ዘረጋ። ቬልማ ከደረቱ፣ ኦርቪል ከጭራው ሥር ደገፉት። ወደቀ። እንደገና ሞከረና በአራት እግሩ ቆመ፤ እየተወላገደ ቆየና ረጅም ሽንት ሸና።

"ይህን ሁሉ የሚሸና እንስሳ አይሞትም" አለ ኦርቪል።

ቤት ሲገቡ ሜርል ያው መስኮት ሥር ነበር። ፊቱን ሲያዩት ሲያለቅስ እንደ ነበር ያስታውቃል።

"ቆሟል" አለችው ቬልማ። ከዚያም ጓንቷን ሳታወልቅ፣ "መቀርቀሪያውን በደንብ ያልዘጋሁት እኔ ነኝ" አለች።

ሜርል መነጽሩን አስቀመጠ። "እኔም ከመውደቄ በፊት ሁለት ጊዜ ረስቼዋለሁ" አላት። "አንዴ ዳንከንን ጎረቤት መንገድ ላይ አግኝቶ መለሰልኝ። እንዳትስቂብኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

"ጎረቤት ማን?"

ኦርቪል ጣራ ጣራውን ተመለከተ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ኦርቪል በየማለዳው እየመጣ ድርቆሽ ያወርድላታል። ፍየሎቹ በመጋቢት ወለዱ። የመጨረሻዋ ግልገል በኋላ እግሯ ስትመጣ ቬልማ እጅጌዋን ሰብስባ አስተካክላ አወጣቻት፤ ኦርቪል ይህን የት ተማርሽ ቢላት "አውቶቡስ ላይ" ብላ አለፈችው። ሳሎናቸው ያለ ምንጣፍ ቀረ።

በሚያዝያ መጨረሻ ሜርል በከዘራ ተደግፎ ወደ በረት ወረደ። ድርቆሹን ሊያረጥብ ባልዲውን ሲያነሣ ቬልማ ጣቷን ውኃው ውስጥ ነከረች።

"አፉን ታቃጥለዋለህ" አለችው። "ቀዝቃዛ ጨምርበት።"

ሜርል ጨመረ። እሷም አካፋውን አንሥታ የፍየሎቹን ጋጣ መጥረግ ቀጠለች።